በጊታር ሆድ የከረመ ጀንፈል

አርባ ስድስት ዓመት ተለይቼው የኖርኩት ጊታር የተገኘው ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ጠሃ ሱቅ ውስጥ፣ ከሁለት የተሰበሩ ቬንትሌተሮች ሥር ተጋድሞ ነው። ጠሃ አሮጌ ዕቃ ይነግዳል። ሬዲዮ፣ ፋኖስ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ መርገጫው የወለቀ ብስክሌት፣ ሁሉም ከእሱ ዘንድ አይጠፋም። ማክሰኞ ማክሰኞ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ብቅ ስል ገና ከበሩ፣ “መምህር ለይኩን፣ ዛሬም ያችን ሴትዮ ፍለጋ ነው?” ይለኛል። ሴትዮ የሚለው ጊታሩን ነው። ቀልዱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፈው ነበር።

የዚያን ቀን፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ አልቀለደም። ቬንትሌተሮቹን ወደ ጎን ገፍቶ አንድ አቧራ የለበሰ ነገር አንገቱን ይዞ አነሣ። ሲያነሣው ከውስጡ ድምፅ ወጣ፤ ደረቅ፣ ብዙ ሆኖ የሚንከባለል ድምፅ፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ።

“ልዋጭ የሚሠራ ሰው ከአጋሮ ያመጣው ነው” አለኝ። “በሁለት ሳፋ ለውጬ ነው የወሰድኩት አለ። ይዩት እስቲ፣ የእርስዎ ዓይነት ይሁን አይሁን።”

ማየት አላስፈለገኝም፤ ዳሰስኩት። ከስድስቱ መቃኛዎች አራተኛው የፋብሪካ ሥራ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የራሱ ቢሰበርበት ከበሬ ቀንድ ሞርጄ የተካሁለት እኔ ነኝ። ጣቴ ቀንዱን ሲነካ፣ በሞረድኩበት ቀን ያሻከረኝ ያው ጠርዝ አሁንም አሻከረኝ።

ሰባት ሌሎች ጊታሮች አሉኝ፤ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለችው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተደርድረው የተሰቀሉ። አንዱን ከአዲስ አበባ፣ አንዱን ከድሬዳዋ፣ አንዱን ከአስመራ ሰው ልኬ ያስመጣኋቸው ናቸው። በእርጅናቸው ያማሩ፣ ድምፃቸው የበሰለ መሣሪያዎች ናቸው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ያለምወርቅ ከስድስት ዓመት በፊት ከማረፏ አስቀድማ አንድ ቀን ግድግዳውን ስታይ ቆይታ፣ “ሰባቱን የሰበሰብከው አንዱን ስለ አጣኸው ነው” አለችኝ። ያ አንዱ የማን እንደ ነበረ ግን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ሳትጠይቀኝ ሄደች።

ይኸው እንግዲህ እናንተ ስሙት።

በ1970 ዓ.ም. አጋሮ መምህር ነበርኩ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት። ጊታሩ ስፔን አገር፣ ቫሌንሲያ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ለአጎቴ ትቶለት፣ ከአጎቴ ወደ እኔ የደረሰ ነው። የተከራየኋት ክፍል በረንዳ ከሐጂ ሸኩር ቡና ማስጫ ጋር በአንድ የቀርከሃ አጥር ይዋሰናል። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስጫወት፣ ከአጥሩ ማዶ የሐጂ ልጅ ዙቤይዳ የተሰጣውን ቡና በማገላበጫ ታገላብጣለች። ስፈጥን ማገላበጫዋ ይፈጥናል፤ ሳዘገይ ያዘገያል፤ ዝም ስል እሷም ትቆማለች። በመካከላችን የመጀመሪያው ቃል ከመነገሩ በፊት ስድስት ወር እንዲህ ተነጋግረናል።

ወደ ደሴ መዛወሬን የሚገልጸው ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ሸኩር ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀበሏቸው፤ ምሳ አብልተው፣ እስከ ደጅ ሸኝተው፣ “ልጄን ከእምነቷ አላወጣም፤ ልጃችሁንም ከእምነቱ ውጣ አልለውም” ብለው መለሷቸው። ስድብ አልነበረበትም። ስድብ ቢኖርበት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጊታሩን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሰጠኋት። “ያዢልኝ” አልኳት። “ለጊታሩ ስል እመለሳለሁ።” ማለት የፈለግሁት ሌላ ነበር። ያን ቃል እስከ ከንፈሬ አድርሼው መለስኩት። እኛ ቤት ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ እኔም ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬ ነበር።

ከደሴ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም። ከዚያ አንድ የአጋሮ ባልደረባዬ፣ ለአንድ ነጋዴ ታጭታ ጂዳ መሄዷን ጻፈልኝ። እውነት ይሁን አይሁን ሄጄ አላጣራሁም። አገባሁ፤ ልጅ ወለድኩ፤ ከክፍል ክፍል ስመላለስ ሸበትኩ። ጡረታ ስወጣ፣ “አየሩ ይስማማኛል” ብዬ ጅማ ገባሁ። ጊታር መፈለግም ጀመርኩ። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ “ብርቅ ዕቃ ነው” እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ ለጠሃ አንዱንም አልነገርኩትም። የጠየቀኝን ከፍዬ፣ ጊታሩን በካፖርቴ ጠቅልዬ፣ በገበያው መካከል ቀጥ ብዬ ሄድኩ። በየእርምጃዬ በክንዴ ሥር ያ ነገር ይንከባለል ነበር።

*

መሣሪያዎቼን የሚጠግንልኝ ዋቅጋሪ ነው። በሙያው አናጢ ነው፤ በአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲፈለፍል በአካባቢያችን የሚወዳደረው የለም። በዕድሜ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ይህንንም ሳያነሣ የሚውልበት ቀን የለም። ቤቴ መጥቶ በረንዳው ላይ ጊታሩን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነቀነቀው።

“ሰው አለበት” አለ።

“አይጥ ያከማቸው ነው። ገልብጠው።”

ገለበጠው። በቀዳዳው በኩል ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ እያሉ ወደቁ፤ ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ የቡና ፍሬ። አብዛኛው ከሰል መስሏል። አንዳንዱ ቡናማ ነው። አንድ ሁለቱ ገና ቅላታቸው ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ዋቅጋሪ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንዱን በጣቱ አንከባለለ።

“ለይኩን፣ ይህ የአይጥ ሥራ አይደለም። አይጥ ጀንፈል ካገኘ ልጣጩን ይፍቃል፤ ጣፋጩ እሱ ነው። ይኸው እይ፣ አንዱም አልተነካ።”

“አይጥ ለክፉ ቀን ያከማቻል። በሳይንስ የታወቀ ነው።”

“ሳይንሱን አንተ እወቀው። አይጡን እኔ አውቀዋለሁ። ሰባ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ።”

“ድምፁን ያበላሻል ዋቅጋሪ። መጠረግ አለበት።”

“ኤዬ፣ እሺ ይጠረግ። ግን ማሎ፣ እባክህ ለጊዜው በሲኒ እናስቀምጠው። ቡና እንዲሁ አይጣልም።”

አልሰማሁትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ስለ አይጥ ከአናጢ ይማራል? ፍሬዎቹን በጋዜጣ ሰብስቤ፣ ራሴ ተነሥቼ፣ ከቤቱ ጥግ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ የሚወርድበት ለስላሳ አፈር ላይ በተንኳቸው። እጄንም አራገፍኩ። ያንን እጅ ማራገፍ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ጥገናው ክረምቱን ሁሉ ፈጀ። በጅማ ዝናብ ሙጫ ቶሎ አይደርቅም። ጀርባው ላይ ያለችውን ስንጥቅ ዋቅጋሪ በቀጭን ዋንዛ ደፈናት፤ ክሩ የሚያርፍበትን ድልድይ ከፍ አደረገው፤ አንገቱን አቀናው። በነሐሴ አጋማሽ አዲስ ክር አስሬ ተቀመጥኩና መታሁት።

ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ሰው የሌለበት ቤት ንጹሕ እንደሚሆነው። ደግሜ ቃኘሁት፤ ክሩን ለወጥሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ አንድ ልማድ ገባ። በደጃችን ቡና የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ሰባቱ ጊታሮች በየግድግዳቸው ላይ እም… ይላሉ፤ ሁልጊዜም ይሉ ነበር። ስምንተኛው ብቻ ዝም ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ፣ ያ መንከባለል፣ ከጣሪያው ላይ ይመጣብኛል። ዝናቡ ሲያባራም ወዲያው አይተወኝም። በመናፍስት የማያምን ሰው ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። በዚያ ነሐሴ ግን ጊታሩ ወዳለበት ክፍል ስገባ ሳላንኳኳ አልገባም ነበር።

“የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢ የዕቃውን ታሪክ ማጣራት ይገባዋል” ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ጠሃ ልዋጭ ሠሪውን በስልክ አፈላልጎ ጊታሩ የተገኘበትን ሰፈር ነገረኝ። ጊታሩን ይዤ አጋሮ ወረድኩ።

*

የቀርከሃው አጥር በብሎኬት ተተክቷል። ማስጫው ግን እዚያው ነው። በሩን የከፈተችልኝ ሻሿን አገጯ ሥር የቋጠረች ወጣት ሴት ናት፤ ስሟ ዙሀራ እንደ ሆነ በኋላ ነገረችኝ። ክንዴ ሥር ያለውን ባየች ጊዜ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

“ያ ረቢ። እርስዎ ዘንድ ነው እንዴ የገባው?” አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ቀስ ይበሉ፣ አክስቴ እንዳይሰሙ። የባለቤቴ አክስት ናቸው። በግንቦት ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ቤት ስጠርግ ለልዋጭ ሰጠሁት። አሮጌ ነው ብዬ። ወላሂ፣ በሁለት ሳፋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ምነው ቢናገሩኝ። በሳፋዎቹም አንድ ቀን ልብስ አላጠብኩባቸውም።”

“አክስትሽ ማን ይባላሉ?”

“ዙቤይዳ። የሐጂ ሸኩር ልጅ።”

ከዘራዬን መሬት ላይ ተከልሁት።

“ጂዳ አይደሉም እንዴ?”

“ጂዳ?” አለች ግራ ገብቷት። “አክስቴ ከአጋሮ ርቀው የሄዱት ለዓይናቸው ብቻ ነው።”

“ባለቤታቸውስ?”

“አላገቡም። አንድ ጊዜ ታጭተው ነበር ይባላል። እሳቸው እንቢ አሉ።”

የገባሁበት ክፍል ግድግዳ አረንጓዴ የተቀባ ነበር፤ ከዘመን ብዛት አመድ መስሏል። ከአንድ ቦታ በስተቀር። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከፍ ብሎ ከተመታ አንድ ምስማር ሥር፣ ቀለሙ ትናንት እንደ ተቀባ ሁሉ ለምለም ነው። አንገት አለው፤ ትከሻ አለው፤ ወገብ አለው። ብርሃን ያላገኘው የጊታር ቅርጽ። ግድግዳው ሁሉ ሲያረጅ እሱ ብቻ በ1970 ዓ.ም. ቀርቷል።

እሷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ዓይኖቿ ወደ እኔ ዞሩ፤ ብርሃንና ጥላን እንጂ ፊትን እንደማይለዩ ከአዟዟራቸው አወቅሁ።

“ማነው?”

“እንግዳ ነው አክስቴ። ከጅማ ነው” አለች ዙሀራ።

ጊታሩን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት። ጣቶቿ በደረቱ ላይ ሄዱ፤ በአንገቱ ወጡ፤ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ነኩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያው ቆዩ።

“መምህር” አለች። “አረጁ?”

“አረጀሁ።”

“እኔ አላረጀሁም። መስተዋት ካየሁ ቆይቻለሁ።” ከንፈሯ ጥግ ላይ ያ የድሮው ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። “ዙሀራ፣ ልጄ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ሂጂ።”

ብቻችንን ስንቀር ጊታሩን በሁለት እጇ አነሣችና ጆሮዋ ዘንድ አድርጋ ነቀነቀችው።

ዝም አለ።

ደግማ ነቀነቀችው፤ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ጉልበቷ መለሰችው። ፊቷ ላይ የሆነውን ልጽፈው አልችልም። አንድ መብራት ጠፋ ብል ውሸት ይሆናል፤ ቀድሞውንም የበራ መብራት እንደ ነበረ ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነውና።

“ውስጡ የነበረውን የት አደረስከው?” አለች።

“ጀንፈሉን? እኔ… አይጥ ያከማቸው መስሎኝ…”

“አይጥ።”

“ጣልኩት።”

ከደጅ ባዶውን ማስጫ የሚጠርግ መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ እጅ።

“ጆንያ ከመሰፋቱ በፊት የባለቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎ ውስጡ ይጣላል” አለች በመጨረሻ። “የላዩ ምልክት ቢጠፋ የውስጡ ይናገራል። እኛ ቤት የተማርኩት ይህን ነው። እኔ ግን ስም ጽፌ መጣል አልቻልኩም፤ አባቴ ያነባል። ፍሬን ማን ያነባል? በየዓመቱ ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ቡና ሲለቀም አንዲት ፍሬ አደርቅና በቀዳዳው እጥልልህ ነበር። ሁልጊዜ አንዲት። አንድ ቀን ስትመጣ አንሥተህ ትነቀንቀዋለህ፤ እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም ብዬ።” ጣቷ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ዞረ። “ስንት ነበሩ?”

“አልቆጠርኳቸውም።”

“እኔም አልቆጠርኩም። ብቆጥር ኖሮ አቆም ነበር።”

“እስከ መቼ ነው የጣልሽው?”

“እሱን ከጊታሩ መስማት ነበረብህ።”

“ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር ዙቤይዳ።”

“አንዱ ደረሰኝ። አባቴ በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ‘ዝምታሽን እንደ መልስ ቆጥሬዋለሁ’ የሚለው። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም።” ድምፅዋ አልተለወጠም። “የቀሩትን ሁለቱን እሱ ካረፈ በኋላ ከሣጥኑ አወጣኋቸው። አላቃጠላቸውም። አላህ ይዘንለት፣ ማቃጠል አልቻለም፤ መስጠትም አልቻለም።”

“ጂዳ ሄደች አሉኝ።”

“አሉህ። መጥተህ አየህ?”

ተማሪዎቼን ሳላነብ አላርምም፣ ሳልመረምር አልፈርድም እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ በአንድ ሰው ወሬ ብቻ ሕይወቴን ዘግቼ ነበር።

“‘ለጊታሩ ስል እመለሳለሁ’ ነበር ያልከኝ” አለች። “ቃልህን አክብረሃል። ለጊታሩ መጣህ።”

ያ ቃል፣ በአጥሩ ላይ የቀረው ቃል፣ ዳግመኛ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ዕድሜዬ ሥልሳ ስምንት፣ ቀኑ ብሩህ፣ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም። አሁንም አልተናገርኩትም። ከዘራዬን ነው ያጠበቅሁት።

ጊታሩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

“ይዘኸው ሂድ። ባዶውን እዚያ ምስማር ላይ አልሰቅልም።”

ስወጣ ዞሬ አየሁ። ዓይኖቿ የነበሩት በእኔ ላይ አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ባለው አረንጓዴ ጥላ ላይ ነበር። እኔን ሳያዩ እሱን ያዩት ነበር መሰለኝ።

*

ወደ ቤቴ ስገባ ዝናቡ አባርቷል። ዋቅጋሪ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የአይጡንም። “ብዬህ አልነበረም?” ማለት ይገባው ነበር። አላለም። ይልቁን ተነሥቶ ወደ ቤቱ ጥግ ሄደና አሸንዳው ሥር ቁጢጥ አለ።

“ለይኩን” አለ። “ና።”

ከጥቁሩ አፈር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ አንገት ወጥታለች። አንገቷ ላይ ፍሬዋን ተሸክማለች፤ ቡና ሲበቅል ቅጠሉን ከመዘርጋቱ በፊት የተወለደበትን ፍሬ በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው ከመሬት የሚነሣው። ዙሪያዋን ስናይ ሌሎቹ ጀንፈሎች ከአፈሩ ጋር ጠቁረው፣ ተልፈስፍሰው ተኝተዋል። የበቀለች እሷ ብቻ ናት።

“ለምን አንዲት ብቻ?” አልኩት።

ዋቅጋሪ ወደ ላይ አየኝ።

“አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ቡና ለዘር የሚሆነው እስከ መቼ ነው?”

“አላውቅም።”

“ዓመት ካለፈው ሞቷል። ብትቀብረው ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ይቺ የአምናም፣ የካቻምናም አይደለችም። የዘንድሮ ኅዳር ፍሬ ናት።” አፈሩን በጣቱ ነካ አደረገ። “ማሎ፣ ገባህ? እስከ ዘንድሮ ድረስ ጥላልሃለች።”

ገባኝ። ያቆመችው በ1970 ዓ.ም. አይደለም፤ በወጣትነቷ አይደለም፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ሲደርሳት አላቆመችም፤ ሁለቱን ከሣጥን ባወጣች ጊዜ አላቆመችም፤ ዓይኗ ሲደክም፣ ፍሬውን ከፍሬ በመዳሰስ ብቻ ስትለይ አላቆመችም። ባለፈው ኅዳር እኔ ከእሷ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጬ ከአስመራ የመጣ ጊታር ስወለውል፣ እሷ አንዲት የደረቀች ፍሬ ይዛ በግድግዳው ሥር እየዳበሰች ቆማ ነበር።

ዋቅጋሪ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አይወድም።

ከዚያ ሁለት አዛውንቶች ባርኔጣችንን አውልቀን፣ ጭቃ ላይ ተንበርክከን፣ አፈሩን በጣታችን እያበጠርን ፈለግን። ጎርፉ ብዙዎቹን ወደ ቦዩ ወስዷል። የጠፉት ከተገኙት እንደሚበዙ ሁለታችንም አውቀናል። ያገኘናቸውን አጥበን፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር በሰፌድ እያወጣን፣ ዝናቡ ሲመጣ እያስገባን አሥር ቀን አደረቅናቸው። ቡቃያዋን ከነአፈሯ በወተት ዱቄት ጣሳ ተከልኳት።

“አሁን ድምፁን ያበላሻል” አለ ዋቅጋሪ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በቀዳዳው ስጥል እያየ።

“ይበላሽ” አልኩ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ በደጃችን አለፈ። ስምንቱም አጉረመረሙ።

*

ጳጉሜ ሁለት ቀን አጋሮ ወረድኩ። ሚኒባሱ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ያለው ጊታር ይናገራል። ረዳቱ ጥቂት ታገሠና ዞር አለ።

“አባባ፣ ይሄ የሚንኳኳው ምንድነው?”

“ጀንፈል ነው።”

“ጊታር ውስጥ?”

“ቦታው ነው” አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍር ነበር። ቡቃያዋን ከነፋስ ለመከለል ካፖርቴን ገለጥ አድርጌ ደረቴ ሥር ያዝኳት።

ዙሀራ በሩን ከፍታ ጊታሩን ስታይ መንገዱን ለቀቀችልኝ። በግቢው ውስጥ ቡናው አልተሰጣም፤ ወቅቱ አይደለም። ባዶውን ማስጫ አልፌ እስከ ደጃፉ ደረስኩ። ከዚያ በላይ እግሬ አልሄደም። በአንድ ክንዴ ጊታሩን፣ በአንድ እጄ ጣሳውን ይዤ፣ ከዘራዬን ሚኒባሱ ውስጥ መርሳቴ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

“ቁም” አለች ከውስጥ። “አትነቅንቀው። ልስማው።”

“አልነቀነቅሁትም” አልኩ። “እጄ ነው።”

ጀንፈሉ ብቻ ቀጠለ፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ።

“ሁሉም አልተገኙም” አልኳት። “ብዙዎቹ ጠፍተዋል። አንዷ ግን በቅላለች።”

“የቷ?”

“የዘንድሮዋ።”

የሰማሁት ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ረጅም፣ እንደ ተሸከመችው ጆንያ የሚወርድ።

“እንግዲህ አወቅህ” አለች። በድምፅዋ ውስጥ እፍረት ነበረ፤ ኩራትም ነበረ። ሁለቱን በአንድ ላይ ለመሸከም ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ዙቤይዳ” አልኩ፣ ገና ከደጃፉ ሳልገባ። “ለጊታሩ አይደለም የመጣሁት። ያኔም ለጊታሩ አልነበረም። ላንቺ ነው።”

በአጥር ላይ አርባ ስድስት ዓመት የቆየው ቃል እንዲህ ወጣ፤ ተንቀጥቅጦ፣ ሳያምር፣ እንደ ልጅ ንባብ ተቆራርጦ።

“ዙሀራ” አለች በመጨረሻ። “ተነሺና ወንበር አምጪላቸው። ምስማሩ ከፍ ያለ ነው።”

ዙሀራ ወንበሩን ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ጀንፈሉ እጄ ውስጥ መናገሩን አላቆመም፤ እኔም ዝም በል አላልኩትም።